የሃዋይ የቅጠል አክሊል ስጎነጉን ይሰነጠቅብኛል፤ የምታውቁ እርዱኝ

ቬጋስ ያለችው፦

ሰላም ናችሁ? ጥያቄዬ ከወትሮው ወጣ ያለ ነው። ግን እዚህ ቤት ጠይቄ መልስ ያጣሁበት ቀን የለምና ልጠይቅ።

የምኖረው ላስ ቬጋስ ነው። እዚህ ከሃዋይ የመጣ ሰው በጣም ብዙ ነው። ከተማዋን ራሳቸው «ዘጠነኛዋ ደሴት» ይሏታል፤ የሃዋይ ዋና ዋና ደሴቶች ስምንት ናቸውና። እኔ በምሠራበት ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ዘጠኝ ዓመት አብረውኝ የሠሩ ኦዋሁ ከሚባለው የሃዋይ ደሴት የመጡ አንዲት እናት አሉ። ሁላችንም «አንቲ» ነው የምንላቸው። በእነሱ አገርም ታላቅ ሴት እንዲሁ በባዶ ስሟ አትጠራም። እኔማ «አንቲ» ባልኩ ቁጥር «አንቱ» ያልኩ ይመስለኛል።

አምና ልጄ ሃይስኩል ስትጨርስ አንቲ በማለዳ ቤታችን መጡ። በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። ፈቱትና ልጄ አናት ላይ ደፉላት። አረንጓዴ ቅጠል ልክ እንደ ሹሩባ ተጎንጉኖ፣ በየመሃሉ ትንንሽ ነጭ አበባ የገባበት አክሊል ነው። ልጄ ቀኑን ሙሉ ሳታወልቀው ዋለች። ማታ ስትተኛ እንኳ ራስጌዋ ነው ያስቀመጠችው።

ዘንድሮ የእሳቸው የልጅ ልጅ ትመረቃለች። አንቲ ግን ጣታቸውን ቁርጥማት ይዞታል። ባለፈው ምሳ ሰዓት ላይ እጃቸውን እያሹ «የዘንድሮውን ከሱቅ እገዛላታለሁ» አሉ። ሆዴን በላኝ። ሳልነግራቸው እኔ ልሠራ ወሰንኩ። ሦስት ሳምንት አለኝ።

ቅዳሜ ሞከርኩ። ከአበባ ጅምላ ሻጭ 20 የቲ ቅጠል ገዛሁ። ረጅም፣ ሰፊ፣ የሚያብረቀርቅ ቅጠል ነው። በመቀስ ሰነጣጥቄ እንደ ሹሩባ ሦስቱን መጎንጎን ጀመርኩ። ገና አራተኛው ዙር ላይ ቀጭ ብሎ ተሰነጠቀ። ሌላ ያዝኩ፤ እሱም ተሰነጠቀ። በፈላ ውኃ ነከርኩት። ለሰለሰ፣ ግን እንደ በሰለ ጎመን ሆነና እጄ ላይ ተበጣጠሰ። እንደምንም የጨረስኳት አንድ ስንዝር ጉንጉን ደግሞ ሰኞ ጠዋት ሳያት ጠርዟ ቡናማ ሆኖ፣ ልል ብላለች።

ጥያቄዬ እነዚህ ናቸው። ቅጠሉን እንዴት ነው ሳይሰነጠቅ የማለሰልሰው? አበባው በምን ይያዛል? ከስንት ቀን በፊት መሥራት አለብኝ? ደግሞ አንድ ሌላ ነገር ያሳስበኛል። እኔ የሃዋይ ሰው አይደለሁም። ይህን ሠርቼ ብሰጥ ቅር ይላቸው ይሆን?

ሹሩባ ቤት፦

እህቴ፣ እኔ ስለ ቅጠሉ አላውቅም። ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ውስጥ ፀጉር ነው የምሠራው፣ 17 ዓመት ሆነኝ። ግን ሦስት ነገር መጎንጎን ፀጉርም ሆነ ቅጠል አንድ ነው። አራተኛው ዙር ላይ ከተሰነጠቀ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እጅ ላይ ነው። አዲስ ሰው ወደ ጎን ይጎትታል። ወደ ጎን አትጎትቺ። ወደ ታች ብቻ ሳቢ፤ አውራ ጣትሽ መሃሉን ይጫን። ሦስቱም እኩል ውፍረት ይኑራቸው። አንዱ ከቀጠነ ጭነቱ ሁሉ እሱ ላይ ነው የሚወድቀው።

ለመለስለሱ ትንሽ ቫዝሊን ብትቀቢውስ? ፀጉር ላይ ይሠራል።

የሂሎ ዝናብ፦

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳይ ሥራዬን ትቼ ተቀመጥኩ። በሥራ ምክንያት ሂሎ ከመጣን 12 ዓመት ሆነን። ሂሎ በዓመት ከ3,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚወርድባት፣ የሃዋይ ትልቋ ደሴት ላይ ያለች ከተማ ናት። የቲ ተክል አጥራችን ነው። የጎረቤቴ አያት፣ ሁሉም ሰው «ቱቱ» የሚላቸው፣ ትርጉሙ አያት ማለት ነው፣ ሰባት ዓመት በረንዳቸው ላይ አስቀምጠው አስተምረውኛል። ያወቅኩትን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ስሙን እናስተካክል፤ ስሙን ካወቅሽ አሠራሩ ይገባሻል። ብዙ ሰው የራስ አክሊሉን «ሃኩ» ይለዋል። አክሊሉ ግን ሌይ ፖኦ ነው የሚባለው። ሌይ ጉንጉኑ ነው፣ ፖኦ ራስ ነው። ሃኩ የአሠራሩ ስም ነው፤ ሦስት ነገር እየጎነጎንሽ በየመሃሉ አበባና ቅጠል የምትጨምሪበት ማለት ነው። አንድ ዓይነት ቅጠል ብቻ ከተጎነጎነ ሂሊ ይባላል። መሠረት ላይ በክር እየጠመጠምሽ የምታስሪው ዊሊ ነው። ሁለቱን እያከረርሽ እንደ ገመድ የምትገምጂው፣ ልክ እንደ ከተማችን ስም፣ ሂሎ ነው። አንቲ አምና ለልጅሽ የሠሩላት፣ እንደ ነገርሽን ከሆነ፣ ሃኩ ነው።

ይህች ቃል አንድ ነገር አላት፣ ሳልናገራት አላልፍም። ሃኩ ማለት መጎንጎን ብቻ አይደለም። ግጥም መድረስም ሃኩ ነው። ቱቱ ይህን ሲነግሩኝ ዝም ብዬ ቀረሁ። በእኛስ? ሁለት እንጨት አፍ ለአፍ ሲገናኝ «ገጠመ» እንላለን። ሰው ስንኝ ሲደረድርም «ገጠመ» እንላለን። በሁለት ውቅያኖስ የተራራቁ ሰዎች አንድ ነገር አስበዋል። ለቱቱ ይህን ነገርኳቸው። ከዚያ ቀን ወዲያ ሥራዬ ሲያምር «ዛሬ ገጥሟል» በሉኝ ብዬ አማርኛውን አስተምሬያቸው፣ አሁን በደንብ ይሉታል።

ወደ ችግርሽ ልመለስ። ቅጠሉ የተሰነጠቀው ሦስት ምክንያት አለው።

አንደኛው መሃል ላይ ያለው ወፍራም ጅማት ነው። ሃዋይኛው ኢዊ ይለዋል፤ አጥንት ማለት ነው። አጥንት አይጎነጎንም። መውጣት አለበት። ቅጠሉን በጀርባው ገልብጪው። አጥንቱ ጎልቶ ይታይሻል። ከጫፉ ወደ ሥሩ ግራና ቀኙን ለይተሽ ላጪው፤ ሁለት ረጃጅም ግማሽ ቅጠል ይቀርሻል። መጀመሪያ ላይ እኔ በቢላ ነበር የምሠራው። ቱቱ ቢላውን ከእጄ ወሰዱና አውራ ጣታቸውን አሳዩኝ። ጥፍራቸውን አጥንቱ ጎን ወግተው አንዴ ሲስቡት ክርርር ብሎ ዳር እስከ ዳር ወጣ። ጥፍር የቅጠሉን መስመር ይከተላል። ቢላ መስመሩን ይሻገራል፤ ከተሻገረ ደግሞ በኋላ የሚሰነጠቀው እዚያው ላይ ነው።

ሁለተኛው መቀስሽ ነው። የቲ ቅጠል ጅማቶች በቁመቱ ነው የሚሄዱት። እያንዳንዱን ግማሽ እንደገና ወደ ሪባን ስታወርጂው በጥፍርሽ ጀምረሽ በመስመሩ ቅደጂው። ሁለት ወይም ሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትር ስፋት ይበቃል። ከዚያ ከቀጠነ ይበጠሳል።

ሦስተኛው ዋናው ነው፤ ቅጠሉ ገና ጥሬ ነው። የፈላ ውኃ ግን አይሆንም፤ ራስሽ አይተሽዋል። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ፍሪዘር ነው። አጥንቱን አውጥተሽ፣ አጥበሽ፣ አድርቀሽ፣ በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልለሽ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሪው። ጠዋት አውጥተሽ በረዶው ሲለቀው እንደ ጨርቅ ይተጣጠፋል። ቅዝቃዜው የውስጡን ውኃ አቀዝቅዞ ሴሎቹን ይሰብራቸዋል፤ ያ ግትርነቱ ይጠፋል።

ሌላው ካውያ ነው። እኔ የምወደው እሱን ነው። ካውያውን መካከለኛ ሙቀት ላይ አድርጊ፤ እንፋሎቱ ይዘጋ። ከሥርም ከላይም ስስ ጨርቅ አድርጊለት። ከአገዳው ወደ ጫፉ ቀስ ብለሽ ሁለት ሦስቴ እለፊ። አትጫኚ። አንድ ጊዜ ላይ ቀለሙ ሲለወጥ ታይዋለሽ። ደብዛዛው አረንጓዴ ድንገት ይጠቁርና ያበራል። እርጥብ ሣር ሲሞቅ የሚሸት ዓይነት ሽታ ይወጣዋል። በቃ፣ እዚያ ላይ አንሺው። ጣትሽ ላይ ጠቅልይው፤ ካልተሰነጠቀ ደርሷል። ከዚያ አንድ ጊዜ እንኳ ብታልፊበት ይደርቃል። ድሮ ይህ ሁሉ በእሳት ዳር ነበር የሚሠራው። ማሠሪያውም ከሙዝ ግንድ የሚላጥ ክር ነበር፤ የእንሰት ቃጫ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ዛሬ ሁሉም ራፊያ የሚባለውን የዘንባባ ክር ነው የሚጠቀመው።

ሹሩባ ቤት፣ ስለ አሳሳቡ ያልሽው እውነት ነው፤ ቱቱም ቃል በቃል «ወደ ታች» ነው የሚሉት። ቫዝሊኑ ግን ይቅር። ቅጠሉን ያንሸራትተዋል፣ ጉንጉኑ አይጨብጥም፣ አበባውንም ያበላሻል። የእርጥብ ፎጣ እርጥበት ብቻ ይበቃል።

አሁን አበባው። ሦስት ሪባን በአንድ ጫፍ ቋጥሪ፤ ከቋጠሮው ወዲህ አንድ ስንዝር ትርፍ ተዪ፣ በኋላ ጀርባዋ ላይ የምትታሰረው በእሱ ነው። ቋጠሮውን ከጠረጴዛ ጋር በክሊፕ ያዢው። እኔ በእግሬ አውራ ጣት ነው የምይዘው፣ ቱቱም እንደዚያው። አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ባዶውን ጎንጉኚ። ከዚያ ትንሽ እቅፍ አዘጋጂ፤ ከኋላ ፈርን የሚባለው ላባ መሳይ ቅጠል፣ ከፊት አንድ አበባ። አገዳቸው አምስት ስድስት ሴንቲ ሜትር ይሁን። መሃለኛው ሪባን ላይ አጋድሚያቸው። ቀኙን ሪባን አሻግሪበት። ግራውንም አሻግሪበት። አሁን አገዳው የጉንጉኑ አካል ሆነ፤ ብትጎትቺውም አይወጣም። ቀጣዩን እቅፍ የፊተኛውን አገዳ እንዲሸፍን አድርገሽ ከሥሩ አስገቢ። እንዲህ እያልሽ ትቀጥያለሽ። ምስጢሩ ይሄው ነው። ሽቦ የለ፣ ሙጫ የለ፣ መርፌ የለ። እያንዳንዱ አበባ ቀጥሎ በመጣው ነው የሚያዘው።

አበባ ካጠረሽ ከራሱ ከቲ ቅጠል ሥሪው። አሥር ሴንቲ ሜትር ቁራጭ ለሁለት አጥፊ፤ እጥፋቱ ወደ ላይ፣ ሁለቱ ጫፎች ወደ ታች ሆነው እንደ አገዳ ይግቡ። ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ የሆነ አክሊል ይወጣሻል። ለእኔ ከአበባው ይልቅ እሱ ያምረኛል።

ይገባኛል ወይ ላልሽው፦ አዎ። ሌይ የሚሠራው ለመስጠት ነው። ሜይ 1 እዚህ የሌይ ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 መከበር የጀመረው ዶን ብላንዲንግ የሚባል ከአሜሪካ ምድር የመጣ ገጣሚ ባነሳው ሐሳብ ነው። ስለዚህ የእንግዳ እጅም በታሪኩ ውስጥ አለ። የሚጠየቀው ሌላ ነገር ነው። ቱቱ ተናድጄ የመጣሁ ቀን ቅጠል አያስነኩኝም። «ሂጂና ነገ ነዪ» ይሉኛል። የሠሪው ስሜት ሌዩ ውስጥ ይገባል ብለው ያምናሉ። ቲ እኮ እንዲሁ ቅጠል አይደለም። ጥንት ፖሊኔዥያውያን በታንኳ ይዘውት ከመጡት ተክሎች አንዱ ነው፤ ክፉ ነገር ያርቃል ተብሎ በቤት ዙሪያ ይተከላል። ቱቱ ከተክሉ ላይ ሲቆርጡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጠይቁታል። እኔም መጠየቅ ለምጃለሁ፤ በአማርኛ ነው የምጠይቀው።

የሆሳዕና ልጅ፦

ይህን ሳነብ ልጅነቴ መጣብኝ። ሰንበት ተማሪ ሳለሁ ለሆሳዕና ዋዜማ ዘንባባ የምንሰነጥቀው እኛ ነበርን። ለጣት ቀለበት፣ ለራስ ማሠሪያ፣ ለመስቀል። እጃችን እስኪላጥ ነበር የምንሠራው። የቡድናችን አለቃ የተሰነጠቀውን ሁሉ በእርጥብ ጆንያ ሥር ያስቀምጥ ነበር። ከጆንያው ሥር የምናወጣው በእጃችን ያለውን ስንጨርስ ብቻ ነው። ክምሩን ፊታችን ዘርግተን ከሠራን ግማሹ ሳንደርስበት ይደርቃል።

እህቴ፣ ቬጋስ በረሃ ነው። ያንን ጆንያ አትርሺ። ባለ ኤር ኮንዲሽን ክፍል ውስጥ ደግሞ የባሰ ነው።

ቬጋስ ያለችው፦

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። የሂሎዋ እህቴ፣ እንባዬ ነው የመጣው።

ሁለቱንም ሞከርኩ። ፍሪዘሩ ሠራ፣ ግን ቀለሙ ወደ ወይራ ሄደብኝ። ካውያው ይበልጣል። የመጀመሪያዎቹን አምስት አቃጠልኳቸው። ስድስተኛው ላይ ያልሽው ነገር ሆነ፤ ድንገት አበራ። ልጄን ጠርቼ አሳየኋት። ጣቴ ላይ ጠቀለልኩት፣ አልተሰነጠቀም።

የዘንባባውን ምክርም ተቀብያለሁ። እርጥብ ፎጣ ሥር ነው ያስቀመጥኳቸው።

አሁን የገጠመኝ ሌላ ነው። ሪባኑ መሃል ላይ አለቀ። ቅጠሌ ግማሽ ሜትር ገደማ ነው፤ ሲጎነጎን ደግሞ ያጥራል። ሌላ ቋጥሬ ቀጠልኩ፣ ቋጠሮው ግን እንደ እባጭ ጎልቶ ወጣ። መጠኑስ እንዴት ይለካል? ልጅቷን ሳልለካት? ደግሞ አንቲ ሁልጊዜ ስለ ቀይ የሌሁዋ አበባ ያወራሉ። በኢንተርኔት ከሃዋይ ማዘዝ ይቻል ይሆን? እሱን ባስገባበት ደስ ይለኝ ነበር።

የሂሎ ዝናብ፦

ጎበዝ! ስድስተኛው ላይ መያዝሽ ቀላል አይደለም። እኔ አንድ ሳምንት ፈጅቶብኛል።

ቋጠሮ የለም። ሪባኑ አራት ጣት ሲቀረው አዲሱን በላዩ ደርቢና ሁለቱን እንደ አንድ ቆጥረሽ ሦስት ዙር ጎንጉኚ። ከዚያ የአሮጌውን ጫፍ ወደ ጀርባ አውጥተሽ ቁረጪው። ሦስቱን ግን አንድ ቦታ ላይ አትቀጥዪ። ሲጀመር አንዱን ሪባን አጭር፣ አንዱን መካከለኛ፣ አንዱን ረጅም አድርገሽ ያዢ፤ በየተራ ነው የሚያልቁት። እንዲያ ካደረግሽ መቀጠያው አይታይም።

ስለ መጠን አትጨነቂ። የአዋቂ ሴት ራስ ብዙ ጊዜ 55 እስከ 58 ሴንቲ ሜትር ነው። አንቺ የተጎነጎነውን 50 ላይ አቁሚው፣ በሁለቱም ጫፍ አንድ አንድ ስንዝር ሪባን ይትረፍ። ጀርባ ላይ ክፍት ሆኖ በሪባኑ ይታሰራል። በፀጉሯ ሥር ስለሚገባ ክፍተቱ አይታይም። አጥብቀሽ ጎንጉኚ፤ ቅጠል ሲደርቅ ይሸበሸባል፣ ሰኞ ያየሽው መላላት ከዚያ የመጣ ነው።

አሁን ስለ ሌሁዋ። እህቴ፣ ይህን ከልቤ ነው የምልሽ፤ ሌሁዋ አትዘዢ። ሌሁዋ የኦሂአ ዛፍ አበባ ነው። ዛፉ የሃዋይ ደን ምሰሶ ነው፤ እሳተ ገሞራው ባፈሰሰው ድንጋይ ላይ ቀድሞ የሚበቅለው እሱ ነው። ዝናቡን የሚይዘውም እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ዛፉን የሚገድል የፈንገስ በሽታ እዚህ ደሴት ላይ ተለየ። ስሙን «ፈጣን የኦሂአ ሞት» አሉት። ዛፉ ውስጥ የሚገባው በቁስል ነው። ቅርንጫፍ ስትቀጥፊ ቁስል ትከፍቻለሽ። ውስጡ ከተያዘ በኋላ ዛፉ አረንጓዴ መስሎ ይቆይና፣ ከዚያ በጥቂት ሳምንት ውስጥ አናቱ በሙሉ ቡናማ ይሆናል። ከቤታችን ወደ እሳተ ገሞራው በሚወስደው መንገድ ላይ እንደዚያ የሆኑ ዛፎች በዓይኔ አይቻለሁ። ትላንት ቆሞ የነበረ ዛፍ ዛሬ ቆሞ ሞቷል። መቶ ሺዎች ሞተዋል።

እዚህ ሂሎ በየዓመቱ በፈረንጆች ፋሲካ ሳምንት ሜሪ ሞናርክ የሚባል የሁላ ውዝዋዜ በዓል አለ። ሁላ በአደባባይ እንዲመለስ ባደረጉት በንጉሥ ካላካዋ ቅጽል ስም የተሰየመ ነው። ያን ሳምንት ከተማው ሁሉ ጉንጉን ሠሪ ይሆናል። ሌሁዋ ለሁላ ሰዎች ምን ያህል ውድ እንደሆነ ልነግርሽ አልችልም። ሆኖም በሽታው ከመጣ ወዲህ ብዙዎቹ ተወዛዋዦች ሌሁዋ መቅጠፍ ትተዋል። ቱቱም ትተዋል። ጫካ ስንገባ ጫማችንን አራግፈን 70 በመቶ አልኮል እንረጫለን፤ ስንወጣም እንዲሁ። ከዚህ ደሴት ያለ ፈቃድ ኦሂአን ማውጣትም ክልክል ነው። ስለዚህ አንቲ ሌሁዋ የለበትም ብለው አያዝኑም። ለምን እንደሌለው ከማናችንም በላይ ያውቃሉ።

ቀይ ከፈለግሽ ከሰፈርሽ አበባ ሻጭ ትንንሽ ቀይ ካርኔሽን ያዢ። ቶሎ አይጠወልግም፣ አገዳውም ጠንካራ ነው። ስታቲስ የሚባለው አበባም ጥሩ ነው፤ ደርቆም ቀለሙን አይለቅም።

አክሊሉን ከአንድ ቀን በፊት ማታ ሥሪው። ውኃ ነስንሽበት፣ በእርጥብ ወረቀት ፎጣ ጠቅልለሽ፣ በፕላስቲክ ከረጢት አድርገሽ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሪው። ፍሪዘር እንዳይሆን! አበባው ይሞታል። ጠዋት በሩ ላይ እስክትደርሺ አትፍቺው።

ከበዓሉ በኋላ ደግሞ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ አይጣልም። ወይ ይሰቀልና ይደርቃል፣ ወይ ወደ አፈር ይመለሳል። አንቲ ያውቁታል፤ አንቺም እወቂው ብዬ ነው።

ሹሩባ ቤት፦

ቫዝሊኑን መልሼ ወስጃለሁ። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ስትጨርሺ ገልብጠሽ ጀርባውን እዪ። የሹሩባ ሥራ የሚታወቀው ከሥሩ ነው። እኚያ እናት ባለሙያ ከሆኑ መጀመሪያ የሚያዩት ጀርባውን ነው።

ቬጋስ ያለችው፦

ሰላም ወገኖቼ። ሰጠሁ!

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ጀምሬ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሲሆን ጨረስኩ። ሁለት ጊዜ ፈትቼዋለሁ። አንዱን የፈታሁት ግራው እየላላ ስለመጣ ነው። ሁለተኛውን የፈታሁት ከማናጀሬ ጋር የተባባልነው ነገር ትዝ ብሎኝ እየጎነጎንኩ መብሰልሰል ስለጀመርኩ ነው። የሂሎዋ፣ ቱቱን አስታወስኩ። ተነሥቼ ሻይ አፈላሁ። ስመለስ ከመጀመሪያው ጀመርኩት። 14 ቀይ ካርኔሽን ገባበት፣ የቀረው የታጠፈ የቲ ቅጠል ነው። ልጄ ጎኔ ተቀምጣ እጥፋቶቹን አዘጋጀችልኝ። እጇ ከእኔ ይፈጥናል።

ጠዋት አንቲ ቤት ሄድን። ፎጣውን እንደጠቀለልኩ አቀበልኳቸው። ፈቱትና ዝም አሉ። ከዚያ፣ ሹሩባ ቤት፣ ልክ እንዳልሽው ገለበጡት። መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉ። በዚያ ባበጠ ጣታቸው ጀርባውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሱት። አንድ ቦታ ላይ ቆሙ፤ የቀጠልኩበት ቦታ ነው። አውራ ጣታቸው እሱ ላይ ቆየ። ቀና ብለው «ማነው ያስተማረሽ?» አሉኝ። «ሂሎ ያሉ አንዲት ቱቱ» አልኳቸው። እንዴት እንዳገኘኋቸው ስነግራቸው አልጨረስኩትም፤ ግንባራቸውን ግንባሬ ላይ አድርገው ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳቡ። እንደዚያ ነው ሰላምታቸው።

የልጅ ልጃቸው መጣች፤ እሳቸው ራሳቸው አሰሩላት። 50 ሴንቲ ሜትር ያልሽው ልክ ሆነ።

ስንወጣ በር ላይ ያዙኝ። የመጨረሻው ወንድ ልጃቸው ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ይመረቃል። «ለወንድ አበባ አናበዛም፣ በቅጠል ብቻ እናደርገዋለን» አሉ። እሁድ ከሰዓት እንድመጣ ነገሩኝ፤ እሳቸው ተቀምጠው ሊነግሩኝ፣ እኔ ልጎነጉን። የተረፉት ስድስት ቅጠሎች ፍሪዘር ውስጥ ናቸው።

የሂሎዋ፣ ለቱቱ ይህን ንገሪያቸው። «ገጥሟል» በያቸው።